የአደራ ጉብኝት

አዲስ አበባ የሚመጣ ፈረንጅ በሦስት ይከፈላል። አንደኛው ለስብሰባ የሚመጣው ነው። አንገቱ ላይ ባጅ አንጠልጥሎ ከሆቴል ወደ አዳራሽ፣ ከአዳራሽ ወደ ሆቴል ሲመላለስ ሰንብቶ «አየራችሁ ጥሩ ነው» ብሎን ይሄዳል። ሁለተኛው ቱሪስቱ ነው። የእሱ ልብ ላሊበላ ነው ያለው፤ አዲስ አበባ ለእሱ ሻንጣው ጠፍቶ የሚፈለግባት ቦታ ናት። ሦስተኛው ለልጅ የሚመጣው ነበር። «ነበር» የምለው ዛሬ ስለሌለ ነው፤ በጥር 2010 ዓ.ም. ፓርላማው የቤተሰብ ሕጉን አሻሽሎ የውጭ አገር ጉዲፈቻን ከልክሏል። የማወጋችሁ ስለዚህ ስለ ሦስተኛው ነው።

ይህ ሰው ከተማ ሊያይ አልመጣም። ልጅ ሊወስድ ነው የመጣው። ልጁን የሚያሰጠው ወረቀት ነው፤ ወረቀቱን የሚሰጠው ደግሞ ሰው ነው፤ ሰውየው ደግሞ ስብሰባ ወጥቷል። ስለዚህ በቀጠሮና በቀጠሮ መካከል ባዶ ቀን ይተርፋል። ያንን ባዶ ቀን የምንሞላው እኛ ነበርን፤ እኔና ጋሼ።

ጋሼ ሹፌሩ ነው። ነጭ ሚኒባስ ነበረችው፤ ቦሌ አካባቢ ለሚገኝ አንድ ገስት ሃውስ በኮንትራት ይሠራባት ነበር። እኔ የእንግሊዝኛ መምህር ነበርኩ። የመምህር ደመወዝ ስንት እንደሆነ ለምታውቁ፣ ለምን በትርፍ ጊዜዬ አስተርጓሚ እንደሆንኩ አላብራራም። ሥራው ቀላል ነበር። ጋሼ የሚናገረውን ለፈረንጆቹ፣ ፈረንጆቹ የሚሉትን ለጋሼ አቀብላለሁ። ማቀበል የእኔ ሥራ ነው፤ ማመን የእነሱ።

ዘመኑ የጉዲፈቻ ዘመን ነበር። እ.ኤ.አ. በ2005 አንጀሊና ጆሊ ከኢትዮጵያ አንዲት ሕፃን ወስዳ ካሳደገች ወዲህ የአገራችን ስም በአሜሪካ መጽሔቶች ላይ ከድርቅ ውጭ ባለ ምክንያት መነሳት ጀመረ። እ.ኤ.አ. በ2010 ወደ አሜሪካ ብቻ በአንድ ዓመት ከ2500 በላይ ልጆች ሄደዋል፤ የስፔኑን፣ የፈረንሳዩን፣ የጣሊያኑን ሳንቆጥር ነው። ገስት ሃውስ በየሰፈሩ ፈላ። ቁርስ ላይ የኦቾሎኒ ቅቤ የማያቀርብ ገስት ሃውስ እንግዳ አያገኝም ነበር።

መጀመሪያ ላይ አሳዳጊዎች ፍርድ ቤት የሚቆሙት በወኪል ነበር። በ2002 ዓ.ም. ግን ራሳቸው ይቅረቡ ተባለ። ከዚያ ወዲያ አንድ ቤተሰብ ሁለት ጊዜ መምጣት ግድ ሆነበት፤ አንዴ ልጁን አይቶ ዳኛ ፊት ሊቆም፣ ሌላ ጊዜ ከኤምባሲ ቪዛ አስመትቶ ልጁን ይዞ ሊሄድ። በመካከሉ ባዶ እጁን አገሩ ገብቶ ሳምንታት፣ አንዳንዴም ወራት ይጠብቃል። ለእነሱ መከራ ነበር። ለጋሼ ሚኒባስ ግን ሥራ በሥራ ላይ ነው።

ጋሼ የወረቀቱ ነገር ፈጽሞ አይገባውም ነበር። እሱ ራሱ የሟች እህቱን ልጅ አሳድጎ ድሯል፤ ያስፈረመው ሰው የለም። በአገሩ የጡት ልጅ፣ የማር ልጅ ሲባል ያውቃል፤ አውራ ጣት ላይ ማር ተደርጎ ልጁ ይጠባል፣ ሽማግሌዎች ያያሉ፣ አለቀ። እነዚህ ሰዎች ግን የጣት አሻራቸውን፣ የባንክ ሒሳባቸውን፣ የጤና ምርመራቸውን፣ የቤታቸውን ፎቶግራፍ ሳይቀር በፋይል ተሸክመው ይመጣሉ። በዚያ ላይ የወጪው ድምር በአሥር ሺዎች የሚቆጠር ዶላር ነው። ጋሼ ፋይሉን በእጁ መዝኖ «መምህር፣ ይቺን ሚኒባስ ከጂቡቲ ሳስገባ እንኳ ይህን ያህል ወረቀት አልነበረም» አለኝ።

ዳኛ ፊት የሚቆዩት ጥቂት ደቂቃ ነው። ከሚጠየቁት ውስጥ ግን አንዱ ኑሯቸውን ይቀይረዋል፤ ልጁ የአገሩን ባህል እንዲያውቅ ምን ታደርጋላችሁ? ባልና ሚስት እየተቀባበሉ ቃል ይገባሉ። እንጀራ መጋገር እንማራለን፤ ቡና እናፈላለን፤ ሐበሻ ጎረቤት እንፈልጋለን። ከዚያ ከፍርድ ቤቱ ደረጃ ሲወርዱ ፊታቸው ላይ ድንጋጤ አየዋለሁ፤ ቃል የገቡትን ባህል ከየት እንደሚያመጡት አያውቁም። ባህል የት ነው ያለው? ጋሼ ያውቃል። እንጦጦ ነው። ዳገት ስለሆነ ነዳጅ ይበላል፣ ዋጋውም እንደዚያው።

እነዚህን ሰዎች ከቱሪስት የሚለያቸውን ነገር ለማወቅ ጥቂት ጊዜ ፈጅቶብኛል። ቱሪስት ፎቶ የሚያነሳው እሱ ራሱ እዚያ መቆሙ እንዲታወቅለት ነው። እነዚህ ፎቶው ውስጥ አይገቡም። ሐውልቱን ትተው የበር መዝጊያ፣ የቆሎ ሻጭ ስኒ፣ የታክሲ ሰልፍ፣ የኤሌክትሪክ ምሰሶ ላይ የተንጠለጠለ ካይት ያነሳሉ። ሁሉም ደብተር አላቸው። ሽታው የምንድን ነው? የባሕር ዛፍ ጭስና የናፍጣ ነው። ይጻፋል። ይህ ወፍ ማን ይባላል? ጋሼ ለወፍ ሁሉ አንድ ስም ነው ያለው፤ እሱም ይጻፋል። የሚያዩት ለራሳቸው አልነበረም። አንድ ቀን «ከየት ነው የመጣሁት?» ብሎ ለሚጠይቅ ሰው ነበር የሚያዩለት፤ ያ ሰው ደግሞ ገና ጡጦ ይጠባል። እንዲህ ያለ የአደራ ጉብኝት ከዚያ በፊትም ከዚያ በኋላም አላየሁም።

አንድ አባት ድምፅ ይቀዳ ነበር። ከሌሊቱ አሥር ሰዓት ተነስቶ ገስት ሃውሱ ሰገነት ላይ ይወጣና የመድኃኔዓለምን ቅዳሴ፣ የመስጊዱን አዛን፣ የሰፈሩን ውሾች በየተራ፣ አንዳንዴም ባንድ ላይ ይቀዳል። ጋሼ ሲሰማ ራሱን ይዞ «እኛ ትራስ ጆሯችን ላይ የምንከምርለትን እሱ በአውሮፕላን ጭኖ ሊወስደው ነው?» አለ። ይህንን አልተረጎምኩም። አንዳንድ ነገር ማቀበል አያስፈልገውም።

እንጦጦ ላይ ነገሩ ሁልጊዜ አንድ ዓይነት ነው። ተራራው ከባሕር ወለል በላይ ከ3000 ሜትር ያልፋል፤ ስለዚህ ፈረንጆቹ ከሚኒባሷ ወርደው ጥቂት ሲራመዱ ይቆማሉ። እነሱ ከፍታውን በትንፋሽ ሲለማመዱ ጋሼ ታሪክ ይነግራቸዋል፤ ምኒልክ እንጦጦ ማርያም በ1882 ዓ.ም. እንደነገሡ፣ ባሕር ዛፍ ከአውስትራሊያ መጥቶ ከተማዋን ከማገዶ ችግር እንዳዳናት። ይህ ሁሉ እውነት ነው። ጋሼ እንጦጦ ላይ አይዋሽም፤ ማርያም ትሰማለች ይላል። ከፍርድ ቤት በማግስቱ የመጣች አንዲት ሴት ቁልቁል ከተማዋን ስታይ ቆይታ «የልጄ መንደር በየት በኩል ነው?» ብላ ጠየቀች። ልጅቷ የወላይታ ናት። ጋሼ በአገጩ ወደ ደቡብ አመለከተ፤ «ከዚያ ጭጋግ ወዲያ፣ ከ300 ኪሎ ሜትር በላይ ነው» አለ። ሴትየዋ ጭጋጉን ፎቶ አነሳችው። ደጋግማ አነሳችው፤ አንዱ ጭጋግ ከሌላው ይሻል ይመስል።

ወደ ብሔራዊ ሙዚየም እንውረድ፤ የጋሼ ፍልስፍና የሚያብበው እዚያ ነው።

ድንቅነሽ፣ ፈረንጆች ሉሲ የሚሏት፣ ምድር ቤት ናት። ኅዳር 15 ቀን 1967 ዓ.ም. አፋር፣ ሐዳር ላይ ዶናልድ ጆሃንሰን ያገኛት፣ ዕድሜዋ 3.2 ሚሊዮን ዓመት የሆነ፣ ከአጥንቷ 40 በመቶ ያህሉ የተገኘላት እመቤታችን። መስታወቱ ውስጥ ያለችው ግን ቅጂዋ ናት፤ ዋናዋ ለሕዝብ በማይከፈት ክፍል ውስጥ ትቀመጣለች። በ1999 ዓ.ም. ክረምት ደግሞ ዋናዋ አገር ለቃ ወጣች። ወደ ሂዩስተን ሄደች፤ ቀጥላ ሲያትልን፣ ኒው ዮርክን አይታለች። በ2000 ዓ.ም. አንድ የሂዩስተን ሰው ወንድ ልጅ ሊወስድ መጥቶ ሙዚየም ወሰድነው። አጎንብሶ አጥንቶቹን አንድ በአንድ ካየ በኋላ «ይቺ ዋናዋ ናት?» አለ። አይደለችም፣ ዋናዋ አንተ ከተማ ናት አልኩት። ሰውየው ቀና አለ። የሂዩስተኑ ሙዚየም ከቤቱ በመኪና ሃያ ደቂቃ ነው፤ ሰልፉ ረጅም ነው ሲሉት ቀርቷል። ውቅያኖስ ተሻግሮ የመጣው የጎረቤቱን ቅጂ ሊያይ ሆነ።

ጋሼ ይህንን ሲሰማ አሰበበት። «ድንቅነሽም በጉዲፈቻ ነው የሄደችው?» አለኝ።

«የለም ጋሼ፣ በኮንትራት ነው። ጊዜዋን ጨርሳ ትመለሳለች።»

«እንግዲያው የእሷ ጠበቃ ጎበዝ ነው» አለ።

እውነትም ጎበዝ ነበር። በሚያዝያ 2005 ዓ.ም. ተመለሰች።

እናቶቹ ግን ድንቅነሽ ጋ ብዙ አይቆሙም ነበር። የሚቆሙት ሰላም ጋ ነው። ሰላም በ1993 ዓ.ም. ዘረሰናይ ዓለምሰገድ ዲኪካ ላይ ያገኛት የሦስት ዓመት ገደማ ሕፃን ናት። አጥንቷ አሸዋ ድንጋይ ውስጥ ተቀብሮ ስለነበር ዘረሰናይ ድንጋዩን ቅንጣት በቅንጣት እየፈለቀቀ ዓመታት ፈጅቷል። ይህን ስተረጉም ሴቶቹ ዝም ይላሉ። የሦስት ዓመት ልጅ ፎቶ በቦርሳቸው ይዘው የሦስት ዓመት ልጅ ቅል ፊት መቆም ቀላል አይደለም። አንዷ «እናቷስ?» አለች። ጋዜጦች ሰላምን የሉሲ ልጅ ይሏታል አልኳት፤ ግን ሰላም ዕድሜዋ 3.3 ሚሊዮን ነው፤ ከ«እናቷ» በመቶ ሺህ ዓመት ያህል ትበልጣለች። ጋሼ ነገሩ ግራ አላጋባውም። «ወረቀቷ ሲሠራ ዕድሜዋ ተሳስቶ ነው» አለ። ያን ጊዜ የስንቱ ልጅ ዕድሜ በወረቀት ላይ እንደሚያንስና እንደሚበዛ ገስት ሃውስ የዋለ ሁሉ ስለሚያውቅ፣ ይህንንም አልተረጎምኩም።

ጋሼ እንደልቡ የሚሆነው አንበሳ ግቢ ነው። ስድስት ኪሎ ያለው ይህ ግቢ የተቋቋመው በአፄ ኃይለ ሥላሴ ዘመን ነው። ጥቁር ጎፈር ያላቸው አንበሶቹ ከሌላው የአፍሪካ አንበሳ በዘር እንደሚለዩ ተመራማሪዎች እ.ኤ.አ. በ2012 ጽፈዋል። ይህ ለሌላ አስጎብኚ ይበቃው ነበር። ጋሼ ግን የራሱ ምርምር አለው። አንድ ረቡዕ ቀን የኦሬጎን ባልና ሚስት ይዘን ብንሄድ አንበሶቹ ሁሉ ተኝተዋል፤ አንዱ እንኳ ጅራቱን አያነሳም። ባልየው «ምን ሆነው ነው?» አለ። ጋሼ ወዲያው «ይጾማሉ» አለ። ረቡዕና አርብ ሉካንዳ ስለሚዘጋ ሥጋ አይቀርብላቸውም፣ እነሱም ከለመዱት ቆይቷል፣ ንጉሡ ራሳቸው ናቸው ያስለመዷቸው። ተረጎምኩ። ሚስቲቱ ደብተሯን አውጥታ ጻፈች፤ ከሥሩም ሁለት ጊዜ አሰመረችበት።

ሽሮ ሜዳን ሳላነሳ ባልፍ ዕዳ ይሆንብኛል። አሳዳጊዎቹ ለልጁ በየልደቱ የሚሰጥ የአገር ቤት ዕቃ እስከ 18 ዓመቱ ድረስ ባንድ ቀን የመግዛት ልማድ ነበራቸው። ለሁለት ዓመት፣ ለሦስት ዓመት፣ ለአራት እየተባለ ቀሚስ ይደረደራል፤ ሻንጣ አልበቃ ሲል እዚያው ሻንጣ ይገዛል። ነጋዴዎቹ መጀመሪያ እንደ ዕብደት፣ ኋላ እንደ ሎተሪ ነበር የሚያዩት። አንዲት ቀሚስ ሻጭ የዋህ ሴት ነበረች፤ የአንዷን አሜሪካዊት ዝርዝር ሰምታ ስታበቃ «የ18 ዓመቱን በምን ልለካው? ልጅቷ ወደ ረጅም ትሄዳለች ወደ አጭር?» አለች። አሁንም ተረጎምኩ። «ታዲያ እናቷ ምን ትመስላለች?» ብላ ጨመረች ሻጯ። ሥራዋን ነው የጠየቀችው፤ ልብስ ሰፊ የሚጠይቀው ጥያቄ ነው። አሜሪካዊቷ ዝም ብላ ቆየች። የልጅቷን እናት ባለፈው ሳምንት ሶዶ ሄዳ አግኝታታለች፤ ጎን ለጎን ተቀምጠው ፎቶ ተነስተዋል። ከዚያ እጇን ከራሷ ትከሻ ትንሽ ዝቅ አድርጋ ያዘችና «እስከዚህ ናት፤ ቀጭን ናት» አለች። ሻጯ ልኩን በዓይኗ ያዘች። ዋጋ ስትጠራ ከሌላው ቀን በግማሽ ያነሰ ነበር። ጋሼም የዚያን ቀን የሸኘበትን ኮሚሽን ሳይቀበል ወጣ፤ እንዲህ ሲያደርግ ያየሁት ያን ጊዜ ብቻ ነው።

በሁለተኛው ጉዞ ሌላ ሰው ሆነው ነው የሚመጡት። ያ ሁሉ ደብተር፣ ያ ሁሉ «ይህ ምንድን ነው» ቀርቷል። ሙዚየም ብንወስዳቸው የሚያዩት ልጁ መስታወቱን ሲልስ ነው። እንጦጦ ብናወጣቸው ከተማዋን በጀርባቸው አዙረው ልጁ አሸዋ ሲዝቅ ይመለከታሉ። ጎብኚው ተቀይሯል፤ አሁን ጎብኚው ልጁ ነው።

ይህ ለእኔም አዲስ ነበር። ብዙዎቹ ልጆች የመጡት ከወላይታ፣ ከሐዲያ፣ ከከምባታ ነበር፤ ለእነሱም አዲስ አበባ የባዕድ አገር ዋና ከተማ ናት። አንድ የስድስት ዓመት ልጅ ትዝ ይለኛል። ፈረንጆቹ እናትና አባት እንግሊዝኛ ይናገራሉ፣ እኔና ጋሼ አማርኛ፣ ልጁ ወላይትኛ። ሚኒባሷ ውስጥ ለአንድም ሰው የማይረባው አስተርጓሚው እኔ ነበርኩ። ጋሼ ግን ቋንቋ አያስጨንቀውም፤ ክላክሱን እንዲነፋ ልጁን ጭኑ ላይ ያስቀምጠውና ከቦሌ እስከ ፒያሳ ያስነፋዋል። የልጁ የጉብኝት ምርጫም ከእኛ የተለየ ነበር። ቅድስት ሥላሴ የንጉሡ መቃብር ፊት ቆመን አዛጋ። አፍሪካ አዳራሽ የአፈወርቅ ተክሌን መስታወት በውጭ በኩል አይቶ ጀርባውን ሰጠን። አንድ ሕንፃ ላይ ሊፍት ሲያይ ግን ነፍስ ዘራ። ወጣን፣ ወረድን፣ ወጣን። ዘበኛው መጥቶ «ወዴት ናችሁ?» አለ። ጋሼ «እየጎበኘን ነው» አለው። አባትየው ደብተሩን ያወጣው በዚያ ጉዞ ያን ጊዜ ብቻ ነው።

በሁለተኛው ጉዞ ሌላ አስጎብኚ ይጨመራል፤ የአዲስ አበባ እናቶች። ፈረንጅ ሕፃን አዝሎ መንገድ ላይ ከታየ ሕዝብ ዝም አይልም። የሕፃኑ እግር ከማዘያው ወጥቶ ከተንጠለጠለ አለቀለት፤ ከየሱቁ፣ ከየአጥሩ ሴቶች ይወጣሉ። «ኧረ ብርድ መታው! ጆሮውን ሸፍኚለት! ምች ይመታዋል!» ይህን ሁሉ እስክተረጉም ድረስ ሕፃኑ በሦስት ሰው ሻርፕ ተጠቅልሎ ይገኛል። አንዲት አሜሪካዊት ቸርችል ጎዳና ላይ ስንሄድ ሕፃኗ ላይ የተደረበውን እየገፈፈች፣ ሌላዋ መንገደኛ እየደረበች ከፖስታ ቤት እስከ ቴዎድሮስ አደባባይ ደርሰናል። አሜሪካዊቷ «እኔን እየገሠጹኝ ነው?» አለችኝ። አዎ አልኳት። «የማላውቃቸው ሰዎች?» አዎ። ዝም ብላ ሄደች፤ ትንሽ ቆይታ ግን የተደረበውን መግፈፏን ተወች። ወደ ዋሽንግተን በሚበረው አውሮፕላን ውስጥ ደግሞ ነገሩ ይብሳል ብለው ብዙዎቹ ኋላ ጽፈውልኛል፤ ሐበሻ እናቶች ሕፃኑን ከእጃቸው ተቀብለው፣ ደረታቸው ላይ አስተኝተው፣ ለማረፊያ ቀበቶ እሰሩ ሲባል ይመልሱላቸዋል።

ስለ መጨረሻው ብዙ አላወራም። ወረቀቱ በዝቶ እውነቱ ሲያንስ ሁሉም እያየው ነበር። ቤተሰብ እያለው ወላጅ አልባ የተባለ፣ «ተምሮ ይመለሳል» ተብሎ የተሰጠ ልጅ ነበረ፤ ለሰጪው እናት የተነገራት ሌላ፣ ለተቀባይዋ የተነገራት ሌላ ነበር። በመጋቢት 2003 ዓ.ም. መንግሥት በቀን ከአምስት መዝገብ በላይ አላይም አለ። በዚያው ዓመት በዋሽንግተን ግዛት ከኢትዮጵያ የሄደች አንዲት ልጅ በአሳዳጊዎቿ እጅ ሞተች፤ እነሱም ተፈርዶባቸው ታሰሩ። ያ ወሬ አዲስ አበባ ሲደርስ ጋሼ ለአንድ ሳምንት ክላክስ አላስነፋም። ከዚያ የ2010 ዓ.ም. ክልከላ መጣ። መከልከሉ ትክክል ነው ከሚሉት ነኝ፤ ሻርፕ የደረቡትን ሴቶች ሳስብ ግን፣ እነዚያን ሁሉ ልጆች እዚሁ ማሳደግ ያቃተን ለምን እንደሆነ ራሴን መጠየቄ አይቀርም። እ.ኤ.አ. ከ1990ዎቹ መጨረሻ ጀምሮ ወደ አሜሪካ ብቻ የሄዱት ከ15 ሺህ በላይ ናቸው። ገስት ሃውሱ ዛሬ የጥርስ ክሊኒክ ነው።

ልጆቹ ግን አደጉ። አሁን ራሳቸው እየመጡ ነው። ባለፈው ዓመት የጋሼ ስልክ ጮኸ፤ ከልጆቹ አንዷ ናት፤ ቁጥሩን ያገኘችው ከእናቷ ደብተር ላይ ነው። ረጅም ልጅ ናት፤ ለሽሮ ሜዳ ነጋዴ ግምት የማትመች። እናቷ የጻፈችውን ሁሉ ይዛ መጥታለች፣ ገጹ በቀለም ወረቀት ተለይቶ። ሚኒባሷ ውስጥ ተቀምጣ እያነበበች ጋሼን ታጣራለች፤ ሽታው የባሕር ዛፍ ነው? ነው። ወፉ ይሄ ነው? ጋሼ ወፉን አየት አድርጎ ነው አለ። ከዚያ ድምፅዋን ዝቅ አድርጋ «አንበሶቹ አሁንም ረቡዕና አርብ ይጾማሉ?» አለች። አምስተኛ ክፍል እያለች በዚህ ጉዳይ ጽሑፍ አቅርባ ሙሉ ውጤት አግኝታበታለች። እኔ ተረጎምኩ፤ ጋሼ መሪውን ጨብጦ ቆየ።

«በላት፣» አለኝ፣ «ኑሮ ስለተወደደ አሁን ከሰኞ እስከ ሰኞ ነው የሚጾሙት።»

ሳቀች። እንግዲህ ቀልድ መሆኑን መቼም ሳታውቅ አልቀረችም፤ ጋሼም መታወቁን አውቋል።

ከሰዓት በኋላ የመግቢያ ዋጋው ለዜጋና ለውጭ አገር ሰው የተለያየ ወደሆነ አንድ ቦታ ወሰድናት። ሰልፉ ረጅም ነው። ቲኬት ቆራጩ ፊቷን አይቶ የሐበሻውን ቲኬት ቀደደላት። እሷ በእንግሊዝኛ አመሰገነችው። ቲኬቱን መልሶ ሳበው።

«ፓስፖርት» አለ።

ሰማያዊ የአሜሪካ ፓስፖርት አወጣች። የትውልድ ቦታ በሚለው ላይ ኢትዮጵያ ይላል። ቆራጩ ፓስፖርቱን አየ፣ እሷን አየ፣ ግድግዳው ላይ የተለጠፈውን የዋጋ ዝርዝር አየ።

«የውጭ አገር ዜጋ ናት፤ በዶላር ነው» አለ።

ጋሼ ክርኑን መስኮቱ ላይ አስደገፈ። «የቱ ውጭ ነው? ወላይታ ነው ውጭ? እኔ ነኝ ይቺን ልጅ አየር ማረፊያ ያደረስኳት፤ መንገድ ላይ ሱሪዬ ላይ ሸንታብኛለች። ለውጭ አገር ዜጋ እንዲህ አይነት ነገር እፈቅዳለሁ?»

«ጋሼ፣ ሕጉን እኔ አላወጣሁትም። ቢጫ ካርድ ካላት ታምጣ።»

«ምን ይላሉ?» አለችኝ ልጅቷ። ስለ አንቺ እየተከራከሩ ነው አልኳት። ቦርሳዋን ከፈተች፤ ሁለቱንም እከፍላለሁ፣ የፈረንጁንም የሐበሻውንም፣ ግድ የለኝም አለች። ይህንን ስተረጉም ቆራጩ ይባስ ተጨነቀ፤ ለአንድ ሰው ሁለት ቲኬት መቁረጥ ሒሳብ ያበላሽበታል።

ከኋላችን ነጠላ ያጣፉ አንዲት እናት ቆመው ነበር። እጃቸውን ዘርግተው የልጅቷን የጃኬት ዚፕ እስከ አገጯ ድረስ ሳቡላትና ወደ መስኮቱ ዞሩ።

«አንተ ልጅ፣ ግማሹን በሐበሻ ግማሹን በፈረንጅ አስከፍላትና ሰልፉ ይሂድ እንጂ! እግራችን አለቀ እኮ!»

ቆራጩ ትንሽ አሰበና ካልኩሌተሩን አወጣ።